ያዢዋ

ለፋሲካ በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቢላዋው የአራጁ ነው፣ ጉልበቱ ግን የያዡ። እግር የያዘው ልጅ ላላ ካለ አራጁ ምንም ባለሙያ ቢሆን ሥራው ይበላሻል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት አድጌ፣ ሠዓሊ ሆኜ ዮዲት የጦር አዛዡን የሆሎፎርኒስን አንገት ስትቆርጥ ልሣል ስነሣ ረሳሁት።

መነሻዬ የካራቫጆ ሥዕል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 ገደማ የሣለው ነው፤ ዛሬ ሮም፣ ባርቤሪኒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ጨለማው፣ ከላይ የተንጠለጠለው ቀይ መጋረጃ፣ የአዛዡ የተከፈተ አፍ ለብዙ ዓመት ሲያስቀናኝ ኖሯል። አቋሙን በሰው ልሞክረው ብዬ የጎረቤት ልጅ ፍራሽ ላይ አስተኛሁ፤ የእኅቴን ልጅ ደግሞ በሰይፍ ፈንታ የወጥ ማማሰያ አስያዝኳት። እንደ ካራቫጆዋ ዮዲት ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ትንሽ ቆየችና፣

"ጋሼ፣ እንዲህ ሆኜ እንኳን አንገት ዳቦም አልቆርጥ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያቺ ዮዲት ግንባሯን ቋጥራ ትጸየፋለች እንጂ አትሠራም። አጠገቧ ያለችው አሮጊት ደንገጡርም ጨርቅ ይዛ ጭንቅላቱን ከመጠበቅ በቀር ምንም አታግዝ።

መጽሐፈ ዮዲትን መልሼ አነበብኩ። ደንገጡሯ በታሪኩ ከመኝታ ቤቱ ውጭ ናት፤ ሰውየውም ሰክሮ ተኝቷል። ዮዲት ጠጉሩን ይዛ በገዛ ሰይፉ ሁለት ጊዜ መታችው፣ አለቀ። ለተኛ ሰው ያዥ አያስፈልግም። ካራቫጆ ግን ሰውየውን ቀሰቀሰው፤ ቀስቅሶም የሚይዘው ሰው አላዘጋጀም።

ያዥ የሰጠችው አርቴሚዚያ ጄንቲለስኪ ናት። በ1593 ሮም የተወለደች፣ ከአባቷ ከሠዓሊው ከኦራትዚዮ ሙያውን የተማረች። ትዕይንቱን ሁለት ጊዜ ሣለችው፤ የመጀመሪያው በ1612 እና 13 ገደማ፣ አሁን ናፖሊ ካፖዲሞንቴ ያለው፤ ሁለተኛው በ1620 ገደማ፣ ፍሎረንስ ኡፊዚ ያለው። በሁለቱም ደንገጡሯ ወጣት ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ከላይ ተጭናዋለች። እሱም ጡጫውን ወደ አገጯ ይሰነዝራል። ከዮዲት ጋር አይደለም ግብግቡ፣ ከያዢዋ ጋር ነው! ዮዲት በዚህ መሐል ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ ጠጉሩን ጨምድዳ ጭንቅላቱን ከአልጋው ጋር አጣብቃ ትቆርጣለች። የሦስቱም ክንዶች የሚያመሩት ወደዚያው ጭንቅላት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሥዕል ከ1612ቱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ሠዓሊው አጎስቲኖ ታሲ አርቴሚዚያን አስገድዶ ስለደፈረ የተከሰሰበት ነው። አላጣጥለውም። ግን በቀል ብቻውን ክርን የት እንደሚያርፍ አያስተምርም። በፍሎረንሱ ደሙ እየተፈናጠቀ የዮዲት ደረት ድረስ ይደርሳል። እኔ የናፖሊውን እመርጣለሁ፤ ደሙ በነጩ አንሶላ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል።

በማግሥቱ የእኅቴን ልጅ ጓደኛ ጨመርኩና ልጁን ከላይ ተጫኚው አልኳት። የእኅቴ ልጅ ሳልነግራት ወደ ፊት ጎንበስ አለች፣ ትከሻዋ ከክንዷ ጋር ገጠመ። የተኛው ልጅ "ኧረ ተነሺልኝ!" እያለ ሲጮኽ በከሰል ቶሎ ቶሎ ነደፍኩ። ማማሰያው ለምሳ ስለተፈለገ ሥራው እዚያ ላይ ቆመ። የደንገጡሯን አውራ ጣት እስካሁን አምስት ጊዜ ፍቄዋለሁ፤ አሁንም የሚዳስስ እንጂ የሚይዝ አይመስልም።