ሴባስቶፖልን የጎተተው ማን ነው?
ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪካዊ ድርሰቶቻችን የቀረበ ሂስ

ታሪካዊ ድርሰት ለአንባቢው ሁለት ነገር ይበደራል። አንደኛው ያለፈውን ዘመን ሰው በሥጋና በደም አቁሞ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ሰው ያደረገውን ለምን እንዳደረገ፣ ባደረገውም ማን እንደ ተጠቀመና ማን እንደ ተጎዳ ማስረዳት ነው። የመጀመሪያውን ዕዳ ደራስያኖቻችን በሚያስመሰግን ሁኔታ ከፍለዋል፤ ሁለተኛው ግን ገና አልተከፈለም። ለዚህ ከዐፄ ቴዎድሮስ ድርሰቶች የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለው ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» (1958 ዓ.ም.)፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» (1961 ዓ.ም.) እንዲሁም የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት በአንድ ነገር ይስማማሉ። ማዕከላቸው የንጉሡ ልብ ነው። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣ ታላቅ ሕልም፣ ሕልሙን ያልተረዳ ዘመን፣ ክህደት፣ ብቸኝነት፣ በመጨረሻም የመቅደላ አፋፍ። ይህ አቀራረብ በጊዜው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ቴዎድሮስን ከሽፍታነትና ከጨካኝነት ተረት አውጥቶ የአዲሲቱ ኢትዮጵያ ጠንሳሽ አድርጎ አቅርቧል። ከዚህም በላይ ሳንሱር በበዛበት ዘመን ስለ ለውጥ በግልጽ መናገር ያልቻለ ብዕር፣ የቋራውን ሰው ተገን አድርጎ ስለ ለውጥ ይናገር ነበር። ይህን ውለታ መካድ ሂስ ሊባል አይችልም።

ነገር ግን የንጉሡን ልብ ስንመለከት ከዓይናችን የተሰወረ ሌላ ሰው አለ። ይህን ሰው ለማግኘት ከመቅደላ ወደ ኋላ፣ ወደ ጋይንት መመለስ ያስፈልጋል።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚያመራው መንገድ የጉናን ግርጌ ታክኮ ጋይንትን ያቋርጣል። ዛሬ የወረታና የወልድያ አውራ ጎዳና በንፋስ መውጫ አልፎ ጨጨሆ አፋፍ ይደርሳል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ በዚህ አቅጣጫ ነበር የተጓዙት። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ዓለት በባሩድ እየተናደ ይሠራ ነበር። በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችና የአገር ልጆች ያቀለጡት፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሚገመተው ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ ሆኖ በሰው ኀይል ይጎተት ነበር። የጨጨሆን ገደል፣ የቤተ ሖርን አቀበት፣ ከዚያም የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ አልፎ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ተጽፏል። ደራስያንም ይህን ትዕይንት ይወዱታል፤ መውደዳቸውም ተገቢ ነው። ታዲያ ገመዱን የያዘው ሰው ማን ነበር? በእነዚያ ስድስት ወራት ያን ሁሉ ሠራዊት ማን አበላው? ይህ ጥያቄ ከኪነ ጥበብ ውጪ የሆነ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የመቅደላ ጦርነት መነሻ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ሁሉም ወደ አባቱ ሙያ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ የሚበላበትን ልማድ አስቀርተው ደመወዝ የሚከፈለው ሠራዊት ለማቋቋም አሰቡ። ሐሳቡ ለገበሬው ታላቅ ተስፋ ነበር። ደመወዝ ግን ግምጃ ቤት ይፈልጋል፤ ግምጃ ቤትም ግብር ይፈልጋል። የመሬቱ ግብር በባላባቱና በቤተ ክህነት እጅ ነበር። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ብቻ ትተው የቀረውን ለግብር ለማዋል በተነሡ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተቃቃሩ። አቡነ ሰላማም በመጨረሻ ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ወፍጮ የሚዞር ነገር ነው። ተድላ ጓሉ በጎጃም፣ ጢሶ ጎበዜ በወልቃይት፣ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ አመፁ። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። አንድ አውራጃ ባመፀ ቁጥር የእርሱ ግብር ይቀራል፤ የጎደለው ግብር ባላመፀው አውራጃ ላይ ይወድቃል። በመጨረሻ ሸክሙ ሁሉ ያረፈው በበጌምድር ገበሬ ላይ ነበር። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። ደመወዝ ያጣ ወታደር እህል ፍለጋ ይወጣል፤ ገበሬው ጎተራው ሲገለበጥ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ ጦሩን አንሥቶ ወታደሩን ይጠብቃል። እርሻ ሲቆም ረኃብ ይመጣል፤ ረኃብ ሲመጣ ሠራዊቱ ይከዳል። የቀረውን ሠራዊት ለማቆየት ደግሞ ሌላ ዘመቻ ያስፈልጋል። እንዲህ ሆኖ ዘመቻው የዘማቹ ጎተራ ሆነ። ገበሬውን ከወታደር ምሪት ለማዳን የተጀመረው መንግሥት ገበሬውን በመዝረፍ ተፈጸመ።

ንጉሡን በዚህ ጊዜ «አይሆንም» የሚላቸው ማን ነበር? ጳጳሱ በእስር፣ መኳንንቱ በሰንሰለት፣ መካሪዎቻቸው በፍርሃት ላይ ነበሩ። ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የተላከው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ቆንስል ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ ይህን ውሳኔ ሊያስመክር የሚችል ሸንጎ አልነበረም። በመሆኑም ባዶ ግምጃ ቤትና ልጓም የሌለው ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ። የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትም ለክብሩ ሲል ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አፍስሶ፣ የናፒየርን ጦር በዙላ አወረደ። እዚህ ላይ ለተውኔት ጸሐፊ የሚሆን መራራ ምጸት አለ። ወራሪው ጦር ለእህሉና ለሣሩ ማርትሬዛ ብር እየከፈለ በሰላም ሲያልፍ፣ የአገሩ ንጉሥ ግን በአገሩ ገበሬ መካከል እንደ ባዕድ እየተዋጋ ነበር የሚጓዘው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተተኮሰው ሽጉጥ የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው።

ድርሰቶቻችን ይህን ምጸት በክህደት ስም ያልፉታል። ባላባቱ ከዳ፣ ካህኑ ከዳ፣ ሕዝቡ ሳይረዳ ቀረ ይሉናል። ዳሩ ግን የጋይንት ገበሬ ከዳ ሊባል የሚችለው ማንን ነው? ልጁ የሚበላውን እህል ሰውሮ መቅበር ክህደት ከሆነ፣ የክህደት ትርጉም ከዙፋኑ ብቻ የተሰጠ ነው ማለት ነው። የንጉሡን የመጨረሻ ዘመን ያካተተው የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል የሕዝቡን መከራ አልሸሸገም። ማስረጃው በአማርኛ ተጽፎ ሳለ ከመድረኩ መጥፋቱ የምርጫ ጉዳይ ነው።

«ገበሬውን ማዕከል ያደረገ ድርሰት ደረቅ ይሆናል» የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። መልሱ «የቴዎድሮስ ዕንባ» በታተመበት በዚያው በ1958 ዓ.ም. ተሰጥቷል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቻቸው የተጠየቁትን አንሰጥም ባሏቸው ጊዜ ጦር ይሰብቃሉ፤ ገበሬዎቹም በአበጀ በለው ተመርተው ይገጥሟቸዋል። የጦርነቱ ምክንያት በግልጽ ይታያል፦ የጌታው ትዕቢት፣ የገባሩ ድካም፣ በመካከላቸውም መካሪ የሌለው ሥልጣን። ገጹ ደረቅ ነው ያለ አንባቢ ግን እስካሁን አልተሰማም። አንባቢው ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ያዝናልም። እንግዲህ በልብ ወለድ አውራጃ የተቻለው በእውነተኛው ጋይንት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 የተነሣው የዓለም ምጣኔ ሀብት ቀውስ ጣልያንን ሲመታ ሥራ አጡ ከሚሊዮን በላይ ሆነ። ሙሶሊኒ ምክር ቤቱን፣ ጋዜጣውንና የሠራተኛ ማኅበሩን አስቀድሞ ስላፈረሰ፣ የሕዝቡን ችግር ወደ ዘመቻ ሲለውጠው የሚያስቆመው አልነበረም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ የጣልያን ሚስቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። እርግጥ ነው፣ ፋሺዝምና ቴዎድሮስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አንዱ በፋብሪካና በመርዝ ጋዝ የሰው አገር የወረረ ዘመናዊ አምባገነን ነው፤ ሌላው ግን የተበታተነች አገሩን ለመሰብሰብ የደከመ ንጉሥ ነው። የሚመሳሰለው አሠራሩ ነው። ገዥው ተቆጪ ሲያጣና ጎተራው ሲጎድል፣ ጦርነት የችግር መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ ድሀውም ዋጋውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፦ መጀመሪያ በእንጀራው፣ ቀጥሎ በልጁ።

ይህን የማያስተምር ሥነ ጽሑፍ አደጋ አለው። የንጉሡን ቁጣ ብቻ አድንቀን ስናድግ፣ ቁጡ ገዥ ሲመጣ ጀግና ይመስለናል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በደማቅ ሰልፍ ሲከበር ሰሜኑ በረኃብ ያልቅ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ከአፍአበት ሽንፈት በኋላ ደግሞ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ። «ሁሉም ነገር» የተባለው እህሉ፣ በሬውና ልጁ እንደ ነበር ገበሬው ያውቃል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ እንደ ገና በጦርነት እጅ ስትወድቅ፣ መከራውን የተቀበሉት ዛሬም ጦርነቱን ያልወሰኑት ነዋሪዎቿ፣ በተለይም ሴቶቿ ነበሩ።

ስለዚህ የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። ቴዎድሮስን ከመድረክ እናውርደው የሚል ሐሳብ የለንም፤ አጠገባቸው ገመድ የያዘው ሰው ይቁም እንላለን። ያ ሰው ሲቆም የንጉሡ ታሪክ ይጠልቃል እንጂ አያንስም፤ ሊያድኑት የተነሡትን ሰው ሲያጠፉ ከማየት የሚበልጥ ሐዘን የትኛው ነው? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚገኙ መምህራንና የቴአትር ክበባት አረጋውያኑ ሳያልፉ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የጉዞውን ትረካ፣ እንጉርጉሮውንና የቦታ ስሙን ይሰብስቡ። የቀድሞዎቹ ነገሥታት እንኳ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ደራስያኖቻችን ይህን ጥያቄ ጨጨሆ አፋፍ ላይ ቆመው ሊጠይቁት ይገባል።