ሁለት ኪሎ ሜትር መስመር በደረት ኪስ

በቃ፣ ልናገረው ነው! ያቺ በደረት ኪሳችሁ የሰካችኋት፣ ያቺ ሱቅ ደጃፍ ከማስቲካና ከክብሪት ጎን የምትሸጠው ሰማያዊ እስክሪብቶ ሥዕል ትሠራለች። ፊርማና የኪራይ ውል አላልኩም፤ ሥዕል! ጥላ ያለው፣ ብርሃን ያለው፣ የአክስቴን ጉንጭ ከነሽብሽቡ ከነልስላሴው አፍ አውጥቶ ሊናገር እስኪመስል ድረስ የሚያመጣ ሥዕል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰው በወጉ ማናገር አቅቶኛል። ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውም ስብከቴን ጠግቧል፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

እንደ እኔ ከሥራ መልስ ለነፍሱ የሚስል ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የዘይት ቀለሙ ከውጭ ይመጣል፣ ደህና ሸራም እንዲሁ፤ ዋጋቸው ሲጠራ የመሳል አምሮት ድራሹ ይጠፋል። ቀለሙ ቢገኝ ቦታ የለም፤ ቦታው ቢገኝ ሽታው የቤቱን ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ስለዚህ «ጡረታ ስወጣ እስላለሁ» እያልን የምንኖር ብዙ ነን። ለእኛ ለእኛ ነው ይህች እስክሪብቶ የተላከችልን!

እስክሪብቶ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ዓይነት መስመር ነው፤ ቁርጥ ያለ፣ ደማቅ፣ አንዴ ከተሰመረ የማይመለስ። ለጥላማ እርሳስ አለ፣ ከሰል አለ ይባላል። እስቲ አሁኑኑ ነጭ ወረቀት ፈልጉና ሞክሩት፦ እስክሪብቶዋን ከጫፏ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ እጃችሁን አቅልሉ፣ ወረቀቱን ነካችው አልነካችው በሚያሰኝ ሁኔታ ወዲያና ወዲህ አመላልሷት። መጀመሪያ ምንም አይወጣም። ቀጥሎ ብቅ የሚለው ደብዛዛ ሰማያዊ ጉም ነው፤ መስመር ነው ብሎ የሚምል የለም። ጥቂት ጫን ስትሉ ይደምቃል። በላዩ ላይ ሌላ ጭረት በሌላ አቅጣጫ ስትደርቡበት ይጠልቃል፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ስትደርቡ ሌሊት ይሆናል፤ እዚያ ድቅድቁ ጋ ሲደርስ ደግሞ ወረቀቱን ወደ መስኮት ዘንበል ብታደርጉት ወደ መዳብ የሚያደላ ብልጭታ ይሰጣችኋል። ከጉም እስከ መዳብ፣ ያውም ከአንዲት ከማትረባ የላስቲክ ቀሰም! እኔ ያን ቀን ወረቀቱን ስገለባብጥ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ምስጢሩ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። የድሮው የብዕር ቀለም ውሃ ስለሆነ ወረቀት ሲያገኝ ይፈስሳል፤ ጫኑትም አቀለሉትም ልዩነቱ ትንሽ ነው። የዚህችኛዋ ቀለም ግን ዘይት ዘይት የሚል ወፍራም ነገር ነው፤ በራሱ አይፈስስም። ጫፏ ላይ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የምትጠጋ ኳስ አለች፤ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራች፣ እጅግ ጠንካራ። ኳሷ ስትንከባለል ከውስጥ ቀለም ተቀብታ ትወጣና ወረቀቱ ላይ ታራግፋለች። ስትጫኗት ወረቀቱ ውስጥ ሰመጥ ብላ ብዙ ትተዋለች፤ ስታቀሏት ከፍ ከፍ ያሉትን የወረቀቱን ሻካራ ጫፎች ብቻ ዳብሳ ታልፋለች። ጉሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህም ጠረጴዛ ላይ በባዶው ከተዘረጋ ወረቀት ይልቅ ከስሩ አምስት ስድስት ወረቀት የተደረበለት የበለጠ ይደምቃል። ተንጋላችሁ ወደ ላይ እየያዛችሁ ለመሳል ግን አትልፉ፤ ቀለሙ ቁልቁል ካልሆነ አይወርድም።

ይህን መላ የፈለሰፈው ሰው የሥዕል ነገር አልነበረም ያስጨነቀው። ላዝሎ ቢሮ ሃንጋሪያዊ ጋዜጠኛ ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ ቀለም ቶሎ ሲደርቅ፣ የእሱ ብዕር ግን ጽሑፉን ሁሉ ሲያጨማልቅበት ያያል። የማተሚያውን ቀለም ብዕሩ ውስጥ ቢጨምረው ወፍሮ አልወርድ አለ። ከወንድሙ ከጊዮርጊ ጋር ሆኖ በኳስ ያስወርደው ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብት አወጣበት። አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ ወደ አርጀንቲና ተሰደደና በ1943 እዚያም አስመዘገበ። ከዚያ ማርሴል ቢሽ የተባለ ፈረንሳዊ መጣ፤ በ1950 ያቺን መስታወት የመሰለች ባለ ስድስት ማዕዘን ቢክ ገበያ አወጣት። ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብታለች፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት እያለን ቀሰሟን አውልቀን ወረቀት እያኘክን እንተፋባት ነበር! በነገራችን ላይ ጎኗ ላይ ያለችው ቀዳዳ አየር ለማስገባት ነው፤ ቀለሙ ሲወርድ ቦታውን አየር ካልተካው ይያዛል። ክዳኗ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሕፃን ቢውጠው ትንፋሽ እንዳያሳጣው ነው።

ደግሞ አንዷ ብቻ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ታሰምራለች። አስቡት እንጂ! ከመስቀል አደባባይ የተነሳ መስመር አራት ኪሎ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀለሙ ያልቃል። ያንን ሁሉ መንገድ በአንድ ፊት ላይ ማጠፍ ትችላላችሁ።

የቻሉ አሉ። ጃኮሜቲ፣ ያ ሰው እንደ ክር አቅጥኖ የሚያቆመው የስዊስ ቀራፂ፣ እጁ የገባው ወረቀት ላይ ሁሉ በእስክሪብቶ ይሞነጭር ነበር። ጣሊያናዊው አሊጊዬሮ ቦኤቲ በ1970ዎቹ ግዙፍ ወረቀቶችን ከዳር እስከ ዳር በሰማያዊ ጭረት አስሞልቷል፤ አስሞልቷል ያልኩት ጭረቱን የሚሠሩለት ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ ነው። በዚያ ሰማያዊ ባሕር መሐል ነጭ ሆነው የቀሩ ነጠላ ሰረዞች አሉ፤ እያንዳንዱ በየትኛው ፊደል ትይዩ እንደተቀመጠ እያያችሁ ስታነቡ የሥራው ርዕስ ይወጣል። በ2013 አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ የሚገኘው አልድሪች ሙዚየም ከ1950 ወዲህ በእስክሪብቶ ብቻ የተሠሩ ሥዕሎችን አሰባስቦ አሳይቷል። ከአህጉራችንም ጋናዊው ኤናም ቦሶካህ አለ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚስላቸው ፊቶች ፎቶግራፍ ሰማያዊ መብራት ተደርጎበት የተነሳ ነው የሚመስሉት። የእሱን ሥራ ያየ ሰው እስክሪብቶውን እንደ ድሮው አድርጎ ጆሮው ላይ አይሰካም።

ቆይ፣ ትልቁን ገና አልነገርኳችሁም። ቀለሟ ያለቀ እስክሪብቶ! አትጣሏት! ነጭ ሽበት፣ የነጠላ ክር፣ የድመት ጢም መሳል ስትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? ነጭ እስክሪብቶ ፍለጋ መርካቶ ትወርዳላችሁ? የለም። በባዶዋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሽበቱን ታሰምራላችሁ፤ ምንም አይታይም፣ ስርጉድ ብቻ ነው የሚቀረው። ከዚያ በደህናዋ እስክሪብቶ፣ በዚያ በጉም እጅ፣ ከላይ ትጭራላችሁ። ኳሷ ስርጉዱ ውስጥ ሳትገባ ዘልላው ታልፋለች። እናም ከሰማያዊው መሐል ነጭ ፀጉር እየተግተለተለ ይወጣል! አክስቴ ይህን ስታይ አማተበች። እኔ ደግሞ ወዲያው ትዝ ያሉኝ የብራና ጸሐፊዎቻችን ናቸው። እነሱ ብራናውን በወስፌ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይወጉና፣ ቀለም በሌለው ሹል ነገር መስመር ያሰምሩበታል፤ ፊደሉ የሚሰደረው በዚያ ቀለም አልባ ስርጉድ ላይ ነው። አሮጌ ብራና ስታገላብጡ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት፤ መስመሮቹ ዛሬም አሉ።

ከነጭ ነገር ሁሉ ደግሞ ነጠላ! እስክሪብቶዋ ነጭ የላትም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ነጠላ የሚሳለው ባለመሳል ነው። ዙሪያውን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ታጠቁራላችሁ፤ መሐሉን ትተዉታላችሁ። እጥፋቱ ላይ ብቻ ጉም የመሰለች ጭረት ጣል፣ ከእጥፋቱ ጥግ ትንሽ ጠለቅ፣ ጥለቱ ላይ ሰብሰብ ያለ ጥቁረት። በቃ፣ ነጠላው አክስቴ ራስ ላይ ተደርቦ ቁጭ አለ። እርሳስ ቢሆን ኖሮ እዚያ ነጭ ቦታ ላይ አንድ ነገር ማድረግ ያሰኘኝ ነበር፤ በኋላ በላጲስ አጠፋዋለሁ እያልኩ። እስክሪብቶ ግን ላጲስ አታውቅም። አንዲት ጭረት ከማሳረፌ በፊት የአክስቴን ፊት በእርግጥ አያለሁ፤ የቀኝ ቅንድቧ ከግራው ከፍ እንደሚል ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስበላ ስጠጣ አላስተዋልኩም ነበር። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ግኝት ይህ ነው።

እሷ ግን ሥዕሉን አገላብጣ አየችና፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው ይሄን ሁሉ ሽብሽብ አሸከምከኝ? እኔ እኮ ገና ነኝ!» አለች። ቁጣዋ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ ደስ ብሏታል፤ ለጎረቤት ስታሳይ ሰምቻታለሁ።

ፊት ለሚፈራ ጀበና ይቅረብለት። ጥቁር ጀበና ለእስክሪብቶ የተፈጠረ ነው፤ ሆዱ ላይ ከመስኮቱ የሚያርፈውን ብርሃን ነጭ ትተዉና ክቡን እየተከተላችሁ ትጭራላችሁ። ጭረቱ ሲከብብ ሸክላውም ይከብባል። ስብሰባ ላይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም፤ አንገት አቀርቅራችሁ ስትጭሩ ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ የምትይዙ ይመስለዋል።

አመሏንም ልንገራችሁ፣ እንዳትወቅሱኝ። ጫፏ ላይ የቀለም ጉድፍ ትሰበስብና ጉንጭ መሐል ላይ ጠብ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ በየመሐሉ ቁራጭ ሶፍት ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጓት። ትኩስ ቀለም በላብ ስለሚለቅ ከመዳፋችሁ ስር ወረቀት አኑሩ። ከሁሉ የከፋው ግን ፀሐይ ነው። ይህ ቀለም ብርሃን ሲበዛበት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ሥዕል ዕድሜው አጭር ነው። የእኔዎቹ የሚኖሩት ደብተር ውስጥ ተከድነው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይከፈታሉ። እንግዳ ደግሞ ይበዛል፣ እኔው እየጠራሁት።

አሁን ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር ገዝቻለሁ! እስክሪብቶ እንደ ውሃ ቀለም አይደባለቅም፤ ግን ቀይ ጭረት በአረንጓዴ ላይ ሳስተላልፍ ከሩቅ ሲያዩት ቡናማ ይሆናል። ጥቁር ሲጨመርበት ጠይም፣ ቀዩ ሲበዛ የቀይ ዳማ። አራት እስክሪብቶ ይዤ የሐበሻን መልክ ሁሉ ላዳርስ ነው! የአክስቴ ግንባር ተሳክቷል። አገጯ ላይ አረንጓዴው በዝቷል፤ ቀይ እየደረብኩበት ነው።