ሄሮዶቱስን በራሱ አፍ

መርሳ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ «ሄሮዶቱስ እንኳ ስለኛ መስክሯል» አለኝ። ምስክርነቱን ያገኘው ከአማርኛ መጽሐፍ ነው፤ የአማርኛው ደራሲ ከእንግሊዝኛ። ለመሆኑ ግሪክኛውን ማን አየው?

እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ እያዘገምኩ ሦስተኛውን መጽሐፍ ሞክሬዋለሁ። «አይቲዮፕስ» ሲተነተን ፊቱ የከሰለ ማለት ነው፤ ለሄሮዶቱስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ እንጂ የዛሬይቱ አገራችን ስም አይደለም። «ኢትዮጵያ» ብሎ የሚተረጉም ሁሉ ይህን ይሸፍንብናል። ታሪኩ ግን እንዴት ያምራል! የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ በሰላዮቹ እጅ የወርቅ ሐብልና አምባር ቢልክ፣ የአይቲዮፕያው ንጉሥ እግር ብረት መስሎት ሳቀ፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የጠነከረ አለ ብሎ መለሳቸው።

ለኛ የሚሆነው ምስክር ሌላ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢዛና አክሱም ላይ ባስቀረጸው ድንጋይ፣ ግእዙ «ሐበሠት» ያለውን ግሪክኛው «አይቲዮፕስ» ይለዋል። ከሄሮዶቱስ ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ይህን በደጃችን ያለ ጽሑፍ ትተን የሦስተኛ እጅ ጥቅስ መልቀማችን ያናድደኛል።

«ታዲያ ለተማሪዎቼ ምን ልበላቸው?» አለ ወዳጄ። መጀመሪያ የኢዛናን ንገራቸው አልኩት፤ የአምባሩንም አትተውባቸው።