የራምቦ ጠረፍና የሐበሻ ሴቶች፤ ከጅዳ ወደብ ሲነበብ

ኑሮው የፈረሰበት ሰው ወደ ሩቅ ጠረፍ ተሰዶ በንግድ ሲያንሰራራና ከአገሬው ሴት ፍቅር ሲያገኝ የሚያሳየው ትረካ በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርተር ራምቦ የቀይ ባሕርና የሐረር ዘመንም ብዙ ጊዜ በዚሁ መልክ ይተረካል። የትረካው የመጀመሪያ ክፍል ከማስረጃው ጋር ይስማማል። ራምቦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ብራስልስ ላይ በባለቅኔው ፖል ቬርሌን ጥይት ከቆሰለ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ በ1876 በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ላይ ከዳ፤ በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ አለቃ ሆኖ ሠራ። በኦገስት 1880 ከኤደን ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ በጅዳ፣ በሱዋኪን፣ በምጽዋና በሆዴይዳ ወደቦች ሥራ ፈልጎ ማጣቱን ይገልጻል፤ በዚያው ዓመት በነጋዴው በአልፍሬድ ባርዴ ድርጅት ተቀጥሮ ለቡና ንግድ ሐረር ገባ።

ጅዳ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከስም አታልፍም፤ የትረካውን ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም የፍቅሩን ወሬ፣ ለመመርመር ግን ከዚህች ወደብ የተሻለ መነሻ የለም። ጅዳ የመካ ተጓዦች መግቢያ እንደነበረች ሁሉ ከኢትዮጵያ ምድር ተግዘው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች መሸጫም ነበረች፤ የኦቶማን መንግሥት በ1857 የአፍሪካውያንን የባሪያ ንግድ ሲከለክል ሂጃዝን፣ ማለትም ጅዳና መካ የሚገኙበትን ግዛት፣ ከክልከላው ውጭ አድርጓት ነበርና። በ1885 መካ የገባው ሆላንዳዊው የእስልምና ጥናት ምሁር ስኑክ ሁርግሮኒየ የከተማዋ ወንዶች የሐበሻ ሴቶችን ለዕቁባትነት አብልጠው ይሹ እንደነበር ጽፏል። በእስልምና ሕግ ከጌታዋ የወለደች ባሪያ ‹ኡም ወለድ›፣ ማለትም የልጅ እናት፣ ትባላለች፤ ጌታዋ አባትነቱን ካመነ ልጇ ነጻ ነው፣ እርሷም አትሸጥም፣ ጌታዋ ሲሞት ነጻ ትወጣለች። ይህ የባርነቱን ግፍ አያቀልለውም፤ ሆኖም ሕጉ ለእንዲህ ያለችው ሴት ተለይቶ ሊዘረዘር የሚችል መብት ያውቅላት ነበር።

በዚያው ዘመን በኤደን ከራምቦ ጋር ትኖር የነበረችው ሐበሻ ግን እንዲህ ያለ መተማመኛ አልነበራትም። የባርዴ የቤት ሠራተኛ ፍራንሷዝ ግሪዛር ከዓመታት በኋላ በሰጠችው ምስክርነት ሴቲቱ ረጅምና ቀጭን እንደነበረች፣ ሲጋራ እንደምታጨስና የአውሮፓ ልብስ እንደምትለብስ ታስታውሳለች። ራምቦ ራሱ በ1885 ለጣሊያናዊው ጋዜጠኛ ለአውጉስቶ ፍራንዞይ በጻፈው አጭር ደብዳቤ ሴቲቱን ጥቂት ብር ሰጥቶ ወደ አገሯ እንደሚሸኛትና ውሳኔው እንደማይቀለበስ ያሳውቃል። የፍቅር ታሪክ የሚባለው ዋና ሰነድ ይህ የስንብት ወረቀት መሆኑ ሊያስገርም ይገባል። ትዳርን መመኘቱማ አይካድም፤ በ1883 ከሐረር ሚስትና ልጅ ባለማፍራቱ መጸጸቱን፣ በ1890 ደግሞ አገሩ ገብቶ ለማግባት ማሰቡን ለእናቱ ጽፎላቸዋል። ምኞቱ ግን የሚያርፈው ፈረንሳይ ላይ ነው፤ በጠረፉ አብራው የኖረችው ሴት በዚያ አሳብ ውስጥ ስፍራ የላትም።

በጽሑፎቹ ውስጥ ክብደት ያላት ሐበሻዊት ሌላ ናት፤ እርሷም የሟቹ ሸሪኩ የፒየር ላባቲዩ መበለት ናት። ራምቦ በ1887 የጦር መሣሪያ ሲራራውን ሸዋ ካደረሰ በኋላ የላባቲዩን ዕዳ ከንብረቱ ለማስመለስ ሲነሳ፣ መበለቲቱ አንኮበር ላይ ከቦታው አዛዥ ዘንድ ሞገተችው፤ የቤቱንም ዕቃ አስቀድማ አሸሸች። በዚያ ዓመት ለኤደኑ የፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ረጅም ደብዳቤ እየተሳደበባትም ቢሆን የክርክሩን ውጤት ሳይደብቅ ይዘግባል፤ ጉዳዩ በመጨረሻ ለአንኮበር አውሮፓውያን ሽምግልና ተላልፎ መሬቱ፣ የአትክልቱ ቦታና ከብቱ ለእርሷ ተፈረደ።