የጭቃው በሬና የባሕር ማዶው መደርደሪያ

አሻንጉሊት በሥነ ጥበብ ሂስ ገጾች ላይ ሲነሣ «ይህስ የሕፃናት ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ገልጦ የሚያልፍ አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ዛሬ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጃፓን አሻንጉሊትን አጥብቀው የሚሹት ሕፃናት ብቻ አይደሉም፤ ጺማቸው የሸበተ ጎልማሶችም ናቸው። የሚሹትም አዲሱን ሳይሆን አሮጌውን ነው። ከአሮጌውም መካከል ይበልጥ የሚመኙት በገዛ አገራቸው ገበያ ከቶ ሳይውል ለባሕር ማዶ ብቻ የተሸጠውን ነው። ይህ ምኞት ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ከቆቦ ሜዳ ጋር ምን ግንኙነት አለው? ግንኙነቱ ከሚጠበቀው በላይ የቀረበ ነው።

የነገሩ ታሪክ አጭር ነው። ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጂ አይ ጆ» የሚባለውን፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን፣ ክንዱና ጉልበቱ የሚታጠፍ ወታደር ለገበያ አቀረበ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት ይጫወታል ማለት ነውር ስለ ነበረ ኩባንያው ቃሉን ሸሽቶ «አክሽን ፊገር» የሚል ስም አወጣለት። በአማርኛ «የገቢር ምስል» ቢባል አያስኬድም አይባልም፤ ገቢር የተውኔትም ቃል ነውና ልጁ ምስሉን ይዞ ከሚሠራው ጨዋታ ጋር ይስማማል። ከ2 ዓመት በኋላ የእንግሊዙ ፓሊቶይ «አክሽን ማን» በሚል ስም የራሱን አወጣ። የጃፓኑ ታካራ በ1974 «ማይክሮማን»ን፣ በ1980 «ዳያክሎን»ን አከታትሎ ሠራ። ከዳያክሎን ቅርጾች ብዙዎቹ በ1984 አሜሪካ ገብተው «ትራንስፎርመርስ» ተባሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን የሰብሳቢውን ጠባይ የሚያሳየው አንድ ትንሽ ምስል ነው። ከነር የተባለው ኩባንያ ከ1978 ጀምሮ በ«ስታር ዎርስ» ፊልም ገጸ ባሕርያት አምሳል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው ምስሎች ይሠራ ነበር። በ1985 የገዢው ፍላጎት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ካወጣቸው የመጨረሻዎቹ ምስሎች አንዱ «ያክ ፌስ» ይባላል። ያክ በቲቤት ተራሮች የሚገኝ ጸጉራም በሬ ነው፤ ምስሉም በሬ መሰል ፊት አለው። ይህ ምስል በካናዳ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ሲሸጥ በአሜሪካ ሱቆች አልተሸጠም። በፊልሙ ውስጥ ያለው ድርሻ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ቅርጹም ከጓደኞቹ የተለየ ብልጫ የለውም። ዋጋው የመጣው ከአለመገኘቱ ነው። እንዲሁም ብራዚል ለውጭ ሸቀጥ በሯን ጠበቅ አድርጋ በያዘችበት ዘመን ግላስላይት የተባለው የአገሯ ኩባንያ በ1988 «ቭሊክስ» የሚባለውን ምስል ሠራ፤ ሌላ አገር አልሠራውምና ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ዕንቁ ይፈልጉታል።

የሰብሳቢው ሌላ ሕግም አለ። ከካርቶኑ ያልወጣ፣ ልጅ ያልነካው ምስል ከተነካው እጅግ ይበልጣል። ክንዱ የላላ፣ ቀለሙ በእጅ ላብ የተገረደፈ ምስል ዋጋው ይወድቃል። ጨዋታ በዚህ ሚዛን ላይ ጉዳት ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። ለተውኔት ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ከቶ ያልተለበሰ የተዋናይ ልብስን ከተለበሰው አብልጦ እንደ ማድነቅ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ራያ ቆላ እንውረድ። የቆቦ ከተማ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምዕራብ ከገደላማው ደጋ፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ሜዳውን የሠራው ጎርፍ ነው። ሆርማት፣ ጎሊና እና ሌሎቹም ወንዞች ክረምት ሲገባ ከደጋው አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ውኃው ሲሸሽ በዳርቻው የሚቀረው ደለል ለማሽላ ሲሳይ ነው። ለእረኛ ልጅ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ የቅርጽ መሥሪያ የለም። ልጁ ከዚያ ጭቃ በሬ ይሠራል፤ ከማሽላ አገዳ ቀንበርና ሞፈር ይቆርጣል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ከአፈሩ ላይ ያርሳል።

በእነዚህ ጥቃቅን ቅርጾች ላይ ሂስ ለመስጠት የሚያበቃ ነገር አለን? አለ። የራያ ከብት በቀንዱ ርዝመት የታወቀ ነው። ረጅምና ቀጭን ቀንድ በጭቃ ለመሥራት የሚሞክር ልጅ ግን ሲደርቅ ይሰበርበታል። ስለዚህ ወይ ቀንዱን ያወፍረዋል፣ ወይ ያሳጥረዋል፣ ወይ ከጭቃው ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሻኛውም ብዙ ጭቃ ሲጫንበት የፊት እግሮቹ ይንበረከካሉ፤ እግሩን ማደንደን ግድ ይሆናል። ልጁ ከዕውነተኛው በሬ የራቀው አይቶ ስላልተረዳ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከበሬ ኋላ የሚውል ነው። የራቀው ጭቃው ስላስገደደው ነው፤ በዚህም ግዴታ ውስጥ የትኛውን አካል እንደሚያስቀርና የትኛውን እንደሚያጎላ የሚመርጠው ራሱ ነው። ዓይን የሌለው፣ ሻኛው ግን ከገላው ሲሶ የሚያህል በሬ ሠርቶ የሚያቆም ልጅ ስለ በሬ ጉልበት የሚያውቀውን ተናግሯል። ይህ ምርጫ በየትኛውም የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት የሚጠየቅ ምርጫ ነው።

አገዳውም የራሱ ታሪክ አለው። የአካባቢው ነባር ማሽላ በቁመቱ ረጅም ነው፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር የሚበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ አቀንጭራን የሚቋቋሙ «ጎብየ» እና «አብሽር» የተባሉ ዝርያዎች ሲለቀቁ አንደኛው የተሰየመው በዚሁ በቆቦ ሥር በምትገኘው በጎብየ ስም ነው። ቶሎ ይደርሳሉ፤ ቁመታቸው ግን አጭር ነው። ገበሬው እህሉን ሲያመሰግን ስለ አገዳው ማነስ ያጉረመርማል። የሞፈሩን ቁራጭ ያጣው ልጅ ቅሬታ በማንም መዝገብ አልገባም።

ከቆቦው በሬ ጋር ሊተያይ የሚገባው ሌላ የአገራችን ሥራ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ይገኛል። የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚያ እንስራና ድስት ሲሠሩ ኖረዋል። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የውጭ ጎብኚ እየበዛ ሲመጣ ከእንስራው ጎን ትናንሽ ምስሎች መቅረብ ጀመሩ፤ አንበሳ፣ ኦሪት የታቀፈ ካህን፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ በአንድ አልጋ የተኙ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ገዢው ጎብኚው ነበረ፤ ለጎረቤት ገበሬ ሰሎሞንን በአልጋው ላይ መግዛት ትርጉም አልነበረውም። እነሆ «ለባሕር ማዶ ብቻ» የተሠራ ምስል በአገራችንም ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ ኩባንያና ማሸጊያ አለመኖሩ ነው።

አንዳንድ ሃያሲ እነዚህን ምስሎች «የቱሪስት ዕቃ» ብሎ በአንድ ቃል ይጥላቸዋል። ፍርዱ ችኩል ነው። ምስሉ ከሻንጣ እንዲገባ ትንሽ፣ በመንገድ እንዳይሰበር ጥቅጥቅ ብሎ መሠራቱ እውነት ነው፤ ገበያው ቅርጹን ገዝቶታል። ነገር ግን ሸክላ ሠሪዋ በአገሯ ጠይብ ተብላ የምትገለል፣ በዓይኗ የምትፈራ ሴት ነበረች። ጎረቤቷ ድስቷን ይገዛል፣ ከማዕዷ ግን አይቀርብም። እጇን እንደ ሠዓሊ እጅ ያየው የመጀመሪያ ሰው ከሩቅ የመጣ ገዢ ሆነ። ይህ ለአገሬው የሚያኮራ አይደለም። ማኅበረሰቡ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን አብዛኛው ወደ እስራኤል ከሄደ በኋላ በወለቃ መንገድ ዳር ምስሎቹን መሥራት የቀጠሉት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ የሥራው ደካማነት ይታያል። ካህኑ ኦሪቱን እንደ ታቀፈ አለ፤ የሚሠራው እጅ ግን ካህኑን አያውቀውም። አንዱ ምስል ከሌላው ይቀዳል፤ ፊቱ እየለሰለሰ፣ እጥፋቱ እየጠፋ ይሄዳል።

የቆቦው በሬ ይህ ዕጣ አልደረሰበትም፤ ገዢ መጥቶለት አያውቅምና። ከራያ ምድር ወደ ባሕር ማዶ የሄደው ሌላ ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ከቆቦ በስተ ሰሜን ባለችው በኮረም ተነሥቶ በቢቢሲ የቀረበው የረሃብ ፊልም ዓለምን አዳረሰ። ፊልሙ የብዙ ሰው ሕይወት ያዳነ ርዳታ አስነሥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ያም ሆኖ በውጭ አገር ሰው አእምሮ መደርደሪያ ላይ የዚህ አካባቢ ልጅ በአንድ አቋም ብቻ ቆሞ ቀረ፤ እጁ ባዶ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። ትራንስፎርመርስ ለገበያ የቀረበው በዚያው ዓመት፣ ያክ ፌስም በማግሥቱ ዓመት መሆኑን የዘመን ቆጠራው ያሳያል። እጁ ጭቃ ይዞ በሬ የሚያቆመው ልጅ በየትኛውም ፊልም አልታየም።

በአገር ውስጥስ ማን ሰበሰበው? ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ የሕዝቡን ባህል በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት እስከ ሞት አደራጅቶ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው፤ ልጅነትን የመግቢያ በር አድርጎታል። በየአውራጃው ተቋቁመው የነበሩት የትምህርት መርጃ ማዕከሎችም መምህራን ከአካባቢው ጭቃ፣ አገዳና ጨርቅ መማሪያ እንዲሠሩ አበረታተዋል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ የጭቃው በሬ ዕውነተኛውን በመምሰሉ ልክ ውጤት ተሰጠው። ሻኛውን ያገዘፈው ልጅ «አልተመጣጠነም» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰበት። በልጆች ሥራ ላይ ከተሰጡ ፍርዶች ይህን ያህል የሚያሳዝን ጥቂት ነው።

በቆቦ፣ በዋጃና በሮቢት ያለ መምህር ዛሬ ይህን ሥራ ልሰብስብ ቢል የሚገጥመው ችግር ቀላል አይደለም። ያልተተኮሰ ጭቃ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ቢተኮስ ይቆያል፤ ነገር ግን ልጁ ያልፈለገው ጥንካሬ ይጨመርበታል፤ በሚቀጥለው ቀን አፍርሶ ላም የሚያደርገው ጭቃ አይሆንም። ማከማቻውም ያሳስባል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. እና እንደ ገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲያጥለቀልቃት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ በትምህርት ቤት ቁም ሣጥን የሚቀመጥ ነገር የትምህርት ቤቱን ዕጣ ይካፈላል።

ስለዚህ ከዕቃው ይልቅ አሠራሩን መያዝ ይቀድማል። ልጁ ጭቃውን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንዳመጣ፣ እግሩን ቀድሞ ወይስ ገላውን እንደ ሠራ፣ ቀንዱ ሲሰበር ምን እንዳደረገ ሲሠራ ሳለ ፎቶግራፍ ማንሣትና መጻፍ ይቻላል። በውጭ አገር ሙዚየሞች በብዙ የአፍሪካ ዕቃ ሥር የሚነበበው «ሠሪው ያልታወቀ» የሚለው ጽሑፍ በቆቦ እንዲደገም ምክንያት የለም፤ ሠሪው ከመምህሩ ፊት በሦስተኛው መደብ ላይ ተቀምጧል። በወረቀቱ ላይ የልጁ ስም ከተጻፈ በኋላ የበሬው ስም መጠየቅ አለበት። ቡሬ ነው ወይስ ዳልቻ፣ ከማንስ ጋር ይጠመዳል?