ቅዳሜን መጠበቅ፤ ስለ «ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማና ስለ ወዳጆቹ የቀረበ ሒስ

ተከታታይ ድራማን ቴሌቪዥን በወሰነለት ቀንና ሰዓት ጠብቆ ማየት ይሻላል ወይስ በኢንተርኔት መስመር፣ ማለት ስትሪሚንግ በሚባለው መንገድ፣ በፈቀዱት ሰዓት የፈቀዱትን ያህል ማየት ይሻላል የሚለው ክርክር በመኝታ ቤቶቻችን የተለመደ ሆኗል። ተከራካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ምቾት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው አንድን ድራማ ከልቡ የሚወድ ሰው ከሁለቱ መንገዶች ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ነው። ለዚህም የመረጥነው የእንግሊዙ ቢቢሲ የሚያሳየውን «ዶክተር ሁ» የተባለውን ድራማ ነው፤ ለምን ቢባል፣ ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ስለ ሆነው ሁለቱንም ዘመን አይቷል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ሰዓቶቹን ግን በእኛ አቈጣጠር ጽፈናል።

ድራማው ከውጭ ስትታይ የፖሊስ ስልክ ቤት በምትመስል መንኰራኵር በጊዜና በጠፈር ውስጥ ስለሚዞር አንድ እንግዳ ሰው ይተርካል። የመጀመሪያው ክፍል የታየው ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ከቀኑ በ11 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ማለት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነው። በዚያን ዕለት የሕዝቡ አሳብ በሐዘኑ ስለ ተያዘ፣ በአንዳንድ ስፍራም መብራት ስለ ጠፋ፣ ቢቢሲ ያንኑ ክፍል በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁለተኛው ክፍል አስቀድሞ እንደገና አሳየው። ይህን የመሰለ ዕድል ለኋለኞቹ ክፍሎች እምብዛም አልተሰጠም። ያመለጠው ሰው አመለጠው።

እኛ ከዚህ ድራማ ጋር የተዋወቅነው በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጡ አንድ አስተማሪያችን በ2006 የወጣ የዲቪዲ ሣጥን ነበራቸው፤ በውስጡም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ታሪኮች፣ በጠቅላላው 13 ክፍሎች፣ ይገኙ ነበር። እሳቸውም ቅዳሜ ማታ ከራት በኋላ በምግብ አዳራሹ አንድ ክፍል ብቻ ያሳዩንና ዲስኩን አውጥተው በቁም ሣጥናቸው ይቈልፉበት ነበር። ብንለምናቸውም ብናጕረመርምም ሁለተኛውን አይጨምሩልንም። በዚያን ጊዜ ነገሩ ጭካኔ መስሎን ነበር።

በ5ኛው ቅዳሜ የሆነውን ግን እስካሁን አንረሳውም። ቴሪ ኔሽን የጻፈው የዳሌኮች ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል፣ እንግሊዞች በዲሴምበር 21 ቀን 1963 ያዩት፣ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ባርባራ የተባለችው የታሪክ አስተማሪ ከጓደኞቿ ተለይታ ሰው በሌለበት ከተማ ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ ብቻዋን ስትንከራተት በሮቹ ከኋላዋ ይዘጋሉ። ከዚያም አንድ ነገር ወደ እርስዋ ይመጣል። ተመልካቹ የሚያየው ወደ ፊት የተዘረጋ ዘንግ የመሰለ ክንድ ብቻ ነው። ባርባራ ግድግዳውን ተደግፋ ትጮኻለች፤ ክፍሉም በዚሁ ያበቃል።

ያን ሳምንት ሙሉ ባርባራ ምን እንዳየች ስንከራከር ከረምን። አንዱ እባብ ነው አለ፤ ሌላው ከመቃብር የተነሣ ሰው ነው አለ፤ በፊዚክስ የሚመካው ጓደኛችን ደግሞ መኪና እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ሊሆን አይችልም ብሎ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሥዕሉን ሠራልን። ሥዕሉ በእውነት የሚያስፈራ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እውነተኛው ዳሌክ፣ ማለት ጕብጕብ ያለበት በርሜል የሚመስለው ነገር፣ ብቅ ሲል ግማሾቻችን ሣቅን፤ ሠዓሊያችን ግን ግምቱ ከሞላ ጐደል ስለ ደረሰለት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ኮራብን።

እንግዲህ ሒሳችን የሚመሠረተው በዚህ ነው። ያ ሰባት ቀን በድራማው ሁለት ክፍሎች መካከል የቀረ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ራሱ የድራማው ክፍል ነው። ደራሲው ክንዱን ብቻ አሳይቶ የቀረውን ለተመልካቹ ሲተው፣ ተመልካቹ የሚሠራበት ጊዜ እንዳለው ዐውቆ ነው። በስትሪሚንግ ግን አንዱ ክፍል እንዳለቀ ጥቂት ሰከንድ ተቈጥሮ የሚቀጥለው በራሱ ይጀምራል። ጩኸቱም መልሱም በአንድ ትንፋሽ ይሰማሉ።

ይህ የእኛ የግል ስሜት ብቻ እንዳይመስል አንድ ያየነውን እንጨምር። በሚቀጥለው ዓመት መምህራችን ለዕረፍት ሲሄዱ ቁልፉን ለሌላ ሰው ትተውት ነበርና ከእኛ በታች ያሉት ተማሪዎች 13ቱን ክፍሎች በሁለት ቀን ጨረሱ። ታሪኩን ከእኛ አሳምረው ያውቁታል። ነገር ግን ባርባራ ምን ያየች መስሏችሁ ነበር ብለን ስንጠይቃቸው ጥያቄው አልገባቸውም። «ዳሌክ ነዋ ያየችው» አሉን። ከዚህም በላይ፣ በየክፍሉ መጀመሪያ ያለፈው ትዕይንት መደገሙ አሰልቺ እንደ ሆነባቸው ነገሩን። ልክ ናቸው፤ ሰባት ቀን ለቈየ ሰው የተሰናዳ ማስታወሻ አምስት ሰከንድ ላልቈየ ሰው ትርፍ ነው። ቢቢሲ ራሱም ይህንኑ ፍርድ የተቀበለ ይመስላል፤ በ2023 ይህን የሰባት ክፍል ታሪክ ቀለም ቀብቶና ቈራርጦ በ75 ደቂቃ አቅርቦታል። እኛ ሥራውን እንደ ጨዋታ አይተን ተደስተንበታል፤ ያው ድራማ ነው የሚለን ካለ ግን አንስማማም።

እስከዚህ ድረስ የተጻፈውን ያነበበ ሰው የጥንቱን የቴሌቪዥን ሰዓት ልናወድስ የተነሣን ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በመጀመሪያ ነገር በዚያ በምግብ አዳራሽ ውስጥ በየቅዳሜው ዕቃ የማጠብ ተራ የደረሳቸው አራት ልጆች ድራማውን በድምፁ ብቻ ይከታተሉ ነበር። ሁለተኛም እናታችን ያሉንን አንረሳም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት እየተሰበሰበ ያዳምጥ እንደ ነበረ ያወሱናል። ዛሬ ያንኑ ትረካ ወጥ ሲሠሩ በስልካቸው ይከፍቱታል። የዱሮው አይሻልም ወይ ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የዱሮውንማ ቡና ሳቀርብ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር» አሉን። እኛ የናፈቅነውን ስብሰባ ሌላ ሰው ቆሞ ሲያስተናግድበት እንደ ነበረ ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከፋል። ያ የሚናፈቀው የቴሌቪዥን ዘመን የራሱን ሥራ በገዛ እጁ አጥፍቷል። ከ1967 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ቢቢሲ የ«ዶክተር ሁ»ን የ1960ዎቹን ክፍሎች በብዛት ደመሰሰ። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለ ነበረ ሌላ ነገር ይቀዳበት ነበር፤ ከተዋንያን ጋር የተደረገውም ውል ደጋግሞ ማሳየትን ስለሚገድብ የቈየ ፊልም ዋጋ የለውም ተብሎ ተገመተ። በ2013 ከጠፉት ውስጥ 9 ክፍሎች በናይጄሪያ ጆስ ከተማ ተገኝተው እንኳ ገና 97 ክፍሎች ቀርተው ነበር።

ሆኖም የእነዚያ የጠፉት ክፍሎች ድምፅ በሙሉ ይገኛል። ያዳነውም ቢቢሲ አይደለም፤ በየቤታቸው ቴፕ መቅጃ የነበራቸው ወጣት ተመልካቾች ናቸው። አንዳንዶቹ ማይክሮፎኑን በቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ፊት አቁመው ቀዱት። ለምን እንዳደረጉት ማሰብ ያሻል። ቅዳሜ ካለፈ እንደማይመለስ ስላወቁ ነው። በምንም ጊዜ አገኘዋለሁ ብሎ የሚተማመን ሰው ማይክሮፎን አያቆምም።

የዛሬውም መንገድ ቢሆን የተማመንበትን ያህል የጸና አይደለም። በኖቬምበር 2023 ቢቢሲ ከ800 የሚበልጡ ክፍሎችን በአይፕሌየር ላይ ሲከፍት የ1963ቱ የመጀመሪያው ታሪክ አራት ክፍሎች ከዚያ ውስጥ አልነበሩም፤ ከደራሲው ወራሽ ጋር ስምምነት አልተደረሰምና። የሌሎችም እንዲሁ ነው። ኤች ቢ ኦ ማክስ «ዌስትወርልድ»ን በዲሴምበር 2022፣ ዲዝኒ ፕላስ ደግሞ «ዊሎው»ን በተጀመረ በስድስት ወሩ፣ በሜይ 2023፣ አንሥተዋቸዋል። ተመልካቹ በየወሩ የሚከፍለው ለመግቢያ እንጂ ለዕቃው አይደለም፤ ይህንንም የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ የወደደው ነገር ከጠፋበት በኋላ ነው።

ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገውም ሙከራ አላስደሰተንም። በ2024 አዲሶቹ ክፍሎች በእንግሊዝ አገር ከሌሊቱ በ6 ሰዓት በአይፕሌየር ይለቀቁና በማግሥቱ ማታ በቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። በዚህ ምክንያት የድራማው ወዳጅ ወይ እንቅልፉን ይሠዋል ወይም ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ደፍኖ ይውላል፤ ማታ ቤተ ሰቡ ሲሰበሰብም ከመካከላቸው አንዱ መጨረሻውን ዐውቆት ይቀመጣል። በ2025 ሰዓቱ ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተዛወረ። እንቅልፉ ተረፈ፤ ሌላው እንደ ነበረ ነው። ይህን በኖቬምበር 23 ቀን 2013 ከተደረገው ጋር ያነጻጽሩት፤ የ50ኛው ዓመት መታሰቢያ ክፍል በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ በመታየቱ በጊነስ መዝገብ ገብቷል። ያን ቀን ማንም ከማንም አልቀደመም።

ስለዚህ ለድራማው ወዳጅ ቢቻል አሳባችን ይህ ነው፦ አዲሱ ሥራ በየሳምንቱ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይሰጥ፤ ከታየ በኋላ ግን ተቈጥሮ በእጁ ይግባ። ነጋዴዎቹ በሁለተኛው እንደማይስማሙ እናውቃለን።

የመጀመሪያው ታሪክ ከአይፕሌየር መቅረቱን የሰማን ጊዜ፣ ወደ አገራቸው ለተመለሱት መምህራችን ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ሣጥኑ በእጃቸው እንዳለ፣ ቁም ሣጥኑም እንደ ተቈለፈ መሆኑን መለሱልን፤ ከእኛ መካከል ወደዚያ የሚያልፍ ቢኖር ቅዳሜ ማታ አንድ ክፍል ሊያሳዩት ፈቃደኛ ናቸው።