ከመረብ እስከ ማይጨው፤ በታሪክ ትምህርት የሚዘለለው የታኅሣሥ ዘመቻ

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በክፍል ውስጥ ሲተረክ አቀራረቡ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ይሻገራል፤ ዓድዋ፣ አክሱምና መቀሌ በተከታታይ ይያዛሉ፤ ከዚያም ትረካው ወራትን ዘሎ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ይደርሳል። በመካከሉ ስለ አውሮፕላንና ስለ መርዝ ጋዝ አንድ አንቀጽ ይገባል። ተማሪው ከዚህ የሚይዘው፣ የኢትዮጵያ ጦር ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሲያፈገፍግ ቆይቶ የተሸነፈ መሆኑን ነው። አቀራረቡ ለማስታወስ ይመቻል፤ እውነቱን ግን ያጎድላል።

የጎደለው ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የከፈቱት የማጥቃት ዘመቻ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች «የገና ዘመቻ» ይሉታል። ስያሜው ከፈረንጆች ገና የተወሰደ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አሳሳች ነው፤ የታወቀው ውጊያ የተደረገው ታኅሣሥ 5 ቀን፣ የአገሩ ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቀረው ነበርና።

በዕቅዱ መሠረት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና ደጃዝማች አያሌው ብሩ በሽሬ በኩል፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በተምቤን በኩል፣ ራስ ሙሉጌታ ደግሞ በመቀሌ አቅጣጫ እንዲገፉ ታስቦ ነበር። የራስ እምሩ ጦር ከጎጃም በእግሩ ተጉዞ፣ በመንገድ ላይ ከአውሮፕላን በቦምብ ተደብድቦ፣ በከዳተኞች ምክንያት ቁጥሩ ተመናምኖ ተከዜ ደረሰ። በዚያ የነበረው የጠላት ኃይል በሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዝ፣ አንድ ሺህ ያህል ወታደርና ጥቂት ትንንሽ ታንኮች ያሉት ነበር። ይህ ኃይል የተከዜን መልካ ለቅቆ ሲያፈገፍግ የደምበጉና በር ተዘግቶ ቆየው። የታንኮቹ አናት የማይዞር ስለ ነበረ መትረየሳቸው የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው። ተዋጊዎቹ ይህን አስተውለው ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ፣ ላያቸው ላይ እየወጡ ታንኮቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። ጠላት ወደ አክሱም አፈገፈገ። በዚያው ወር በተምቤን ዓቢይ ዓዲ ተመልሳ ተያዘች።

የመርዝ ጋዙ ቦታ እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ጦር ግንባር የባዶልዮ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነቡት ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ከደምበጉና ስምንት ቀን በኋላ ነው። ራስ እምሩ ኋላ እንደ መሰከሩት፣ የወደቀው ቦምብ ሳይሆን በርሜል የሚመስል ነገር ነበር፤ ሲሰበር የሚረጨው ፈሳሽ እጅ፣ እግርና ፊት አቆሰለ። የጋዝን ጦርነት የከለከለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ኢጣሊያ ራሷ ፈርማበት ነበር። ጋዙ አስቀድሞ እንደ ተከማቸ አይካድም። ሆኖም በዚህ ግንባር የዋለው ወራሪው በተገፋበት ሰዓት ነው። ቀኖቹ ሳይጠቀሱ «ጠላት ጋዝ ተጠቀመ» ብቻ ሲባል ተማሪው መሣሪያውን ያውቃል፤ ምክንያቱን አያውቅም።

ጉድለቱን ለማረም የሚነሣ መምህር ደምበጉናን ሁለተኛ ዓድዋ ቢያደርጋት ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል። በየግንባሩ የተሰለፈው ጦር አንድ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ጠላት የኢትዮጵያውያንን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። ከራስ እምሩ በስተ ኋላ በጎጃም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፍተው ነበር። ከየካቲት 21 እስከ 23 ቀን በሽሬ በተደረገው ውጊያም ጦሩ ብርቱ መከላከል አድርጎ በመጨረሻ ተከዜን ተሻግሮ ተመለሰ። ከሁሉ ይልቅ አፍ የሚያሲዘው፣ በደምበጉና በጠላት ወገን ተሰልፈው የወደቁት አብዛኞቹ በኢጣሊያ የተመለመሉ ኤርትራውያን መሆናቸው ነው። ይህ መራራ ስለሆነ ይታለፋል፤ ቅኝ አገዛዝ ሰውን ከወንድሙ ጋር እንዴት እንደሚያዋጋ ለማስረዳት ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ምዕራፍ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍለ ጊዜና ከተከዜ እስከ አክሱም ያለውን አገር የሚያሳይ ንድፍ ካርታ ይበቃል። መለወጥ ያለበት የፈተናው ጥያቄ ነው። «የኢትዮጵያ ጦር ለምን ተሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ በቃል የተጠና ዝርዝር ብቻ ያስገኛል። በእርሱ ፋንታ ከታኅሣሥ 5 እስከ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳር የሆነውን በቅደም ተከተል እንዲያስረዳ የተጠየቀ ተማሪ ግን ካርታውን መግለጥ ይኖርበታል።